የማንን ደጅ እናንኳኳ? ሚኒስትሩ፣ ዒሪያውና የሰፈራችን ፕላን

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለሻባት ቤት ስገባ እናቴ ስልኳን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከሕንፃችን አጥር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የጎረቤት ልጅ ፎቶ አንሥቶላት ነበር። «ውኃ ሊያጠፉ ነው መሰለኝ፤ እስኪ አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብኩት። «ታባዕ»፣ «ሃፍቃዳ»፣ «ሂትናግዱት» ይላል። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በዕብራይስጥ የተማርኩ ልጅ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲም ገብቻለሁ። ግን አልገባኝም። «ውኃ አይደለም፤ ስለ ግንባታ ነው» ብዬ ዝም አልኩ።

ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ነገሩ ተነሣ። አጎቴ «ይህንማ የሚወስነው ከንቲባው ነው፤ ዒሪያ እንሂድ» አለ። የእህቴ ባል «ከንቲባው ምን ሥልጣን አለው? ሚኒስትሩ ነው፤ ደብዳቤ እንጻፍለት» አለ። ቡና ሊጠጡ የመጡት አዛውንት ጎረቤታችን ደግሞ «መንግሥት ከወሰነ ወሰነ ነው፤ እኛ ምን እንላለን» አሉ።

ደብዳቤው ተጻፈ። መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ፦ «ፕላኑ ያለው በአውራጃው ኮሚቴ እጅ ነው፤ ተቃውሞ ካላችሁ በጊዜው አቅርቡ» የሚል። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። እናቶቻችን ማታ ማታ የሚቀመጡባት ትንሽ የአትክልት ቦታ በፕላኑ ላይ የመኪና ማቆሚያ መግቢያ ሆነች። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አልነበረም። ቦታዋ ለእነሱ ምን እንደሆነች የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት የማኅበረሰብ ሥራ ኮርስ ስወስድ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። አጎቴም፣ የእህቴ ባልም፣ አዛውንቱም እያንዳንዳቸው ሲሶ ሲሶ እውነት ነበራቸው። በእስራኤል የመሬት ፕላን ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ አይደለም፤ በመሰላል ላይ ነው። በየደረጃው የሚወስን ሌላ ነው፣ የሚሰማበት ጊዜም ሌላ ነው። ወላጆቻችን ደጅ መጥናትን ያውቃሉ፤ ትዕግሥቱም አላቸው። የጎደለን የትኛውን ደጅ፣ መቼ ማንኳኳት እንዳለብን ማወቅ ነው። ይህ ትምህርት ስለዚያ ነው።

1. መሰላሉ

መሠረቱ በ1965 የወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ ነው። ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ አጥንቱ ግን እስከ ዛሬ ያው ነው። ሕጉ ሦስት ደረጃ ያቆማል።

ከላይ ብሔራዊ የፕላንና የግንባታ ምክር ቤት (ሃሞዓጻ ሃአርጺት) አለ። የሚመራው ለፕላን ኃላፊ የሆነው ሚኒስትር ወይም ተወካዩ ነው። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች፣ የኢየሩሳሌም፣ የቴል አቪቭና የሃይፋ ከንቲባዎች፣ እንዲሁም ባለሙያዎችና የሕዝብ ተወካዮች ይቀመጡበታል።

ከመካከል የአውራጃ ኮሚቴ (ቫዓዳ ሜሖዚት) አለ። አውራጃዎቹ 6 ናቸው፦ ኢየሩሳሌም፣ ሰሜን፣ ሃይፋ፣ ማዕከል፣ ቴል አቪቭና ደቡብ። እዚህም በብዛት የሚቀመጡት የሚኒስቴሮች ተወካዮች ናቸው፤ የመጓጓዣው፣ የጤናው፣ የአካባቢ ጥበቃው፣ የቤቶቹ። ከአካባቢ አስተዳደሮችም ጥቂት አባላት አሉ።

ከታች የአካባቢ ኮሚቴ (ቫዓዳ መቆሚት) አለ። በአንድ ከተማ ብቻ የተወሰነ ሲሆን የአካባቢ ኮሚቴው የከተማው ምክር ቤት ራሱ ነው። ማለትም በዒሪያ ምርጫ ቀን ድምፅ የምንሰጣቸው ሰዎች ናቸው። ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም። ለዒሪያ ስንመርጥ ስለ ቆሻሻ ማንሻና ስለ ትምህርት ቤት ብቻ የምንመርጥ ይመስለናል፤ ስለ ሕንፃችን ዕጣም ነው የምንመርጠው።

ፕላኖቹም እንደ ኮሚቴዎቹ ደረጃ አላቸው። ለአገር በሙሉ የሚሠራው ታማ ይባላል። ለአውራጃ የሚሠራው ታማም ነው። ለከተማ፣ ለሰፈር ወይም ለአንድ መንገድ የሚሠራውን ሰው ሁሉ ታባዕ ይለዋል። ደንቡ አንድ ነው፦ የታችኛው ፕላን ለላይኛው ይገዛል። ዒሪያው መናፈሻ ቢፈልግ፣ ብሔራዊው ፕላን በዚያ መሬት የባቡር መስመር ካሳለፈ፣ የሚጸናው የባቡሩ መስመር ነው።

2. ሚኒስትሩ በትክክል ምን ይችላል?

የእህቴ ባል «ሚኒስትሩ ነው» ሲል ስሕተት አልነበረም። ግን ሚኒስትሩ በየት በኩል እንደሚገባ መለየት አለበት። በአምስት መንገድ ከፍዬ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ማን እንደሚቀመጥ በመወሰን። ብሔራዊውን ምክር ቤት ይመራል፤ በአውራጃ ኮሚቴዎችም ወንበሩን የሚይዘው የእሱ ተወካይ ነው። ብዙ ትንንሽ ከተሞችን በአንድ ላይ በሚይዙ የአካባቢ ኮሚቴዎችም በአባላት ሹመት ላይ እጁ አለበት። ጠረጴዛ ዙሪያ ማን እንደተቀመጠ ካወቃችሁ የውሳኔውን ግማሽ አውቃችኋል።

ሁለተኛ፣ «ያለ እኔ ፊርማ አይጸናም» በማለት። በሕጉ 109ኛ አንቀጽ መሠረት አንድ ፕላን ለሕዝብ እይታ እንዲቀርብ ሲወሰን ቅጂው ለሚኒስትሩ ይላካል። ሚኒስትሩ ሕጉ በወሰነው ጊዜ ውስጥ ፕላኑ የእሱን ማጽደቅ እንደሚፈልግ ማዘዝ ይችላል። ጊዜው ካለፈ ግን በዚህ መንገድ ጣልቃ መግባት አይችልም። ሥራው ብዙውን ጊዜ በውክልና የሚከናወነው በፕላን አስተዳደሩ (ሚንሃል ሃቲኽኑን) ባለሙያዎች ነው። ስለዚህ «ሚኒስትሩ አጸደቀው» ሲባል ሚኒስትሩ ካርታችሁን አይቶታል ማለት ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የአካባቢ ኮሚቴን ሥልጣን በማስፋትና በማጥበብ። በ2014 የወጣው 101ኛው ማሻሻያ ለአካባቢ ኮሚቴዎች ቀድሞ የአውራጃ የነበሩ ጉዳዮችን ሰጠ። በቂ ባለሙያና አሠራር ያለውን ኮሚቴ ሚኒስትሩ «ራሱን የቻለ ኮሚቴ» ብሎ ሊያረጋግጥለት ይችላል፤ ያን ጊዜ ሥልጣኑ ይሰፋል። ስለዚህ በአንዱ ከተማ ዒሪያው የሚወስነውን ነገር በጎረቤት ከተማ አውራጃው ሊወስነው ይችላል። ዘመዳችሁ በሌላ ከተማ የነገራችሁ አሠራር ለእናንተ ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ደንብ በማውጣት። የግንባታ ፈቃድ (ሄቴር ብኒያ) እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ማስታወቂያው እንዴት እንደሚወጣ የሚዘረዝሩት ደንቦች ከሚኒስትሩ ነው የሚወጡት።

አምስተኛ፣ ከሌሎች ሚኒስትሮች ጋር እንደ መንግሥት በመወሰን። ብሔራዊ ፕላን የሚጸናው ምክር ቤቱ አዘጋጅቶ፣ የአውራጃ ኮሚቴዎች አስተያየት ሰጥተውበት፣ በመጨረሻ የሚኒስትሮች ጉባኤ ሲያጸድቀው ነው። የሚኒስትሮች ሥልጣን ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

የማይችለውንም እንወቅ። ሚኒስትሩ በስልክ ጥሪ የአንድን ሕንፃ ፕላን መሰረዝ አይችልም። የሕጉን ሥርዓት መከተል፣ በምክንያት መወሰን አለበት፤ ውሳኔውም በፍርድ ቤት ሊመረመር ይችላል። የጎረቤታችን «መንግሥት ከወሰነ ወሰነ» የሚለው ቃል ባደጉበት አገር ልምድ ነበር። አያቶቻችን ብዙዎቹ ርስት ተነፍገው የሌላ ሰው መሬት እያረሱ፣ በእጅ ሥራቸው እየተዳደሩ የኖሩ ናቸው። ስለ መሬት ከባለ ሥልጣን ጋር ሙግት መግጠም ያስፈራቸው ነበር። እዚህ ግን ሕጉ ራሱ «ተቃወም» ብሎ ጊዜና ቦታ ሰጥቶናል።

3. የትኛው ሚኒስትር?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ከ1965 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ፕላን የሀገር ውስጥ ሚኒስቴር (ሚስራድ ሃፕኒም) ጉዳይ ነበር። በ2015 የፕላን አስተዳደሩ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር (ሚስራድ ሃኦጻር) ተዛወረ። ምክንያቱ የቤት ዋጋ ነበር፤ ገንዘብ ሚኒስትሩ የግንባታውን ቁልፎች በአንድ እጅ መያዝ ፈለገ። በ2020 ደግሞ ወደ ሀገር ውስጥ ሚኒስቴር ተመለሰ። በሰፈር ማደስ ጉዳይ ደግሞ ሦስተኛ ባለቤት አለ፤ በ2016 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የከተማ እድሳት የመንግሥት ባለ ሥልጣን ተጠሪነቱ ለግንባታና ቤቶች ሚኒስቴር ነው።

ይህ ዝውውር የመሥሪያ ቤት ስም መቀየር ብቻ አይደለም። ሀገር ውስጥ ሚኒስቴር ስለ ከተሞች አስተዳደር ያስባል። ገንዘብ ሚኒስቴር ስለ ቤት ብዛትና ዋጋ ያስባል። ቤቶች ሚኒስቴር ስለ ግንባታው ፍጥነት ያስባል። ያው ካርታ በሦስቱ ጠረጴዛዎች ላይ ሦስት ዓይነት ይነበባል። ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት በዚያ ጊዜ ኃላፊው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

4. ለምን በተለይ እኛን ይመለከተናል?

ወላጆቻችን በ1984 እና 1985 በሞሼ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከዚያም በኋላ ገቡ። በ1990ዎቹ መንግሥት ከመርከዝ ቅሊታና ከካራቫን ለሚወጡት ልዩ ማሽካንታ ሰጠ፤ አብዛኛው ገንዘብ የማይመለስ እርዳታ ነበር። ነገር ግን በተወሰኑ ከተሞች እንዲገዙበት የታሰበ ነበር፤ ገንዘቡም የሚያዳርሰው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ አሮጌ ሺኩኖችን ነው። ስለዚህ ዛሬ እንደ ረሆቦት ቅርያት ሞሼ ያሉ ሰፈሮች የእኛም ሰፈሮች ናቸው። እነዚሁ አሮጌ ሕንፃዎች ደግሞ የከተማ እድሳት ዋና ዒላማ ናቸው። ወላጆቻችን የት እንደሚኖሩ በሚኒስቴር ፖሊሲ ተወስኖ ነበር፤ አሁን እንዴት እንደሚነሡም በሌላ የሚኒስቴር ፖሊሲ እየተወሰነ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2005 መንግሥት ታማ 38ን አጸደቀ። ሐሳቡ አሮጌ ሕንፃዎችን ለመሬት መንቀጥቀጥ ማጠናከር ነበር። ገንቢው ሕንፃውን ያጠነክራል፤ በምላሹ ተጨማሪ ፎቅ ሠርቶ ይሸጣል። ፈቃዱም ለእያንዳንዱ ሕንፃ አዲስ ታባዕ ሳይጠበቅ ከብሔራዊው ፕላን በቀጥታ ሊወጣ ይችል ነበር። በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነው። በተግባር ግን ገንቢ የሚመጣው ተጨማሪው ፎቅ ውድ በሚሸጥበት ቦታ ነው። ስለዚህ ፕላኑ በመካከለኛው አገር በሚገኙ ውድ ከተሞች በብዛት ሲሠራ፣ የመሬት ዋጋ ዝቅ ባለባቸውና ለመንቀጥቀጥ በተጋለጡ የሰሜን ከተሞች እምብዛም አልሠራም። ብሔራዊው ምክር ቤት በ2019 ፕላኑ እንዲያበቃ ወሰነ። ትምህርቱ ግን ይቀራል፦ ከላይ ለሁሉም እኩል የተጻፈ ውሳኔ ከታች እኩል አይወርድም።

ሁለተኛው ምሳሌ ፒኑይ ቢኑይ ነው፤ አሮጌውን አፍርሶ ከፍ ያለ ሕንፃ መሥራት። እዚህ ላይ በ2006 የወጣውን የካሳ ሕግ ማወቅ ግድ ነው። ብዙኃኑ ባለቤቶች ተስማምተው አንዱ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ቢል በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። መጀመሪያ የሚፈለገው ብዛት ከ5ቱ 4 እጅ ነበር፤ በ2021 ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ተደረገ። እናቴ «እኔ ካልፈረምኩ ምን ያመጣሉ?» ትል ነበር። ያለ ምክንያት እምቢ ማለት አደጋ አለው። በቂ ምክንያት ያለው እምቢታ ግን በሕጉ የታወቀ ነው፤ ተገቢ ዋስትና አልተሰጠኝም፣ በግንባታው ጊዜ የምኖርበት ምትክ ቤት አልቀረበልኝም፣ ወይም ልዩ የግል ሁኔታ አለብኝ ማለት ይቻላል። ከባለ ሥልጣኑ ዘንድ የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚቀበል ኃላፊም አለ።

ሦስተኛው ቫታማል የሚባለው ነው። በ2014 ጊዜያዊ ሕግ ተብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። መንግሥት አንድን ቦታ ተመራጭ የመኖሪያ ግንባታ ቦታ ብሎ ሲያውጅ፣ ፕላኑን የሚያየው የተለመደው መሰላል ሳይሆን አብዛኞቹ አባላቱ የሚኒስቴሮች ተወካዮች የሆኑ አንድ ልዩ ኮሚቴ ነው። ዓላማው ፍጥነት ነው። ነዋሪው የሚሰማበት ጊዜም እንዲሁ ያጥራል። በማስታወቂያው ላይ «ቫታማል» የሚል ካያችሁ ከሁለት እጥፍ በላይ ፍጠኑ።

ሥልጣን ወደ ላይ መሄዱ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ብዬ አላምንም። አንዳንድ ከተማ በርካሽ የሚገኝ ቤት በግዛቱ እንዳይሠራ ይፈልግ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ለወጣት ጥንዶች ጥቅም ነው። ሆስፒታል፣ የባቡር መስመር፣ የፍሳሽ ማጣሪያም እያንዳንዱ ሰፈር «ከእኔ ወዲያ» ካለ አይሠራም። ሚዛኑ እንዲህ ነው፦ ላይ ያለው ሩቅ ያያል፣ ቅርቡን አያይም። ቅርቡን ማሳየት የነዋሪው ድርሻ ነው።

5. ድምፃችን የሚገባበት በር

አንድ ታባዕ በተለመደው መንገድ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች እንያቸው።

ዝግጅት። አርክቴክቶች ይለካሉ፣ ገንቢው ፊርማ ይሰበስባል፣ ዒሪያው ይወያያል። ማስታወቂያ የለም፤ ግን ሐሳብ ለመለወጥ ከሁሉ የሚቀለው ጊዜ ይህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ የእድሳት ሚንሄሌት ቢሮ ካለ ሂዱና ጠይቁ። በሺኩናው «ስብሰባ አለ» ከተባለ ወላጆቻችሁን ብቻቸውን አትላኩ።

ሃፍቃዳ። ፕላኑ ለሕዝብ እይታ ይቀርባል። በጋዜጣና በቦታው ላይ ማስታወቂያ ይወጣል። ሕጉ አረብኛ ተናጋሪ በብዛት ባለበት ቦታ በአረብኛ ጋዜጣም እንዲወጣ ያዛል፤ ስለ አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ስለዚህ ለጊዜው ተርጓሚዎቹ እኛ ነን። ፕላኑን ራሱን በፕላን አስተዳደሩ ድረ ገጽ በቁጥሩ ፈልጋችሁ ማግኘት ትችላላችሁ።

ሂትናግዱት። ዋናው በር ይህ ነው። በመሬቱ፣ በሕንፃው ወይም በሌላ የፕላኑ ጉዳይ ጥቅም ያለውና እጎዳለሁ የሚል ሰው ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል፤ «ባለቤት ብቻ» አይልም። በተለመደው ፕላን ጊዜው ከመጨረሻው ማስታወቂያ ጀምሮ 2 ወር ነው። ተቃውሞው በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተዘርዝሮ፣ እውነታውን በሚያረጋግጥ ቃለ መሐላ (ታጽሂር) ተደግፎ መቅረብ አለበት። ቃለ መሐላው የጎደለው ተቃውሞ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ክሊኒክ አላቸው፤ ተጠቀሙበት።

ሽምዓ። ኮሚቴው ወይም የሾመው መርማሪ ተቃዋሚዎችን ይሰማል። ከዚያ ፕላኑ ይጸድቃል፣ ይስተካከላል ወይም ውድቅ ይሆናል።

ይግባኝ። ከአውራጃው ውሳኔ ወደ ብሔራዊው ምክር ቤት ይግባኝ የማለት መብት ለአካባቢ አስተዳደሩ አለው፤ እንዲሁም በጋራ ከጠየቁ ለተወሰኑ የኮሚቴው አባላት። ተራ ተቃዋሚ ግን የኮሚቴውን ሰብሳቢ ፈቃድ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት ነው። ፕላኑ ከጸና በኋላም ንብረቱ የተጎዳበት ባለቤት በ197ኛው አንቀጽ በ3 ዓመት ውስጥ ካሳ መጠየቅ ይችላል።

6. የሚቅላቱ ጉዳይ

ከመጀመሪያው ሽንፈታችን ከአንድ ዓመት በላይ በኋላ በመንገዳችን ማዶ ላሉት ሕንፃዎች ሌላ ፕላን ለእይታ ቀረበ። በዚህ ጊዜ ማስታወቂያውን አውቀነዋል። ካርታውን ስናወጣ በመሃል አንዲት ግራጫ አራት ማዕዘን አለች፤ «ሚቅላት፣ የሚፈርስ» ይላል። ለአርክቴክቱ አሮጌ መጠለያ ነው። ለእኛ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቄሶቻችን የሚጸልዩባት፣ ሽማግሌዎች የሚታረቁባት፣ ለቅሶ የምንቀመጥባት ቦታ ናት። በካርታ ላይ ይህ አይታይም። የሚያውቀው በውስጧ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ከሁለት ጎረቤቶችና ከአንድ የሕግ ተማሪ ጋር ተቃውሞ ጻፍን። ሦስት ነገር ጠየቅን፦ ምትክ የጸሎት ክፍል፣ ጥላ ያለው የአረጋውያን መቀመጫ፣ እና ለአረጋውያን የሕንፃ ጥገና ክፍያ ድጋፍ። ከፍ ያለ ሕንፃ ሊፍትና ፓምፕ ስላለው የቫዓድ ባይት ክፍያው በአበል ለሚኖር ሰው ይከብዳል።

በሽምዓው ቀን አንድ ቄስ በአማርኛ ተናገሩ፤ እኔ ተረጎምኩ። «መስጊዳችን ነው» ሲሉ አንዱ አድማጭ ቀና አለ፤ በዕብራይስጥ የእስላም መስጊድ ማለታቸው መሰለው። በአባቶቻችን ዘንድ የእስራኤላውያን ጸሎት ቤት መስጊድ መባሉን ማስረዳት ነበረብኝ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን የምር አዳመጡ፤ ከኮሚቴውም አንድ ሰው «ስንት ሰው ይገባል? በየትኛው ቀን?» ብሎ ጠየቀ። እስከዚያች ሰዓት ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ ከሦስቱ አንዱን ተቀበሉ፤ በሕዝባዊው ሕንፃ ምድር ቤት ለማኅበረሰብ ጸሎት የሚሆን ክፍል በፕላኑ ተጻፈ። መቀመጫውን «በልማቱ ዝርዝር ይታያል» ብለው አለፉት። የጥገናውን ክፍያ ደግሞ «ይህ የፕላን ጉዳይ አይደለም፤ ከገንቢው ጋር በምትፈርሙት ውል ጠይቁ» አሉን። ያ ራሱ ትልቅ ትምህርት ሆነን። ፕላን አንድ ሰነድ ነው፤ ውል ሌላ ሰነድ ነው። በፕላኑ ያላገኘነውን በውሉ ለመጠየቅ አሁን ጎረቤቶቻችን አንድ ጠበቃ በጋራ ይዘዋል።

እናቴን ያስደሰታት ግን ክፍሉ ብቻ አይደለም። ወደ ቤት ስንመለስ «ለካ ይሰማሉ» አለች። እኔም «በጊዜው ከሄድን» አልኳት።

7. ለእኛ ለተማሪዎች

ማኅበራዊ ሥራ የምንማር ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። ነገር ግን አንድ ፕላን በአንድ ፊርማ መቶ ቤተሰብ ያንቀሳቅሳል። በእድሳት ሰፈሮች የሚሠሩ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ያስፈልጋሉ፤ ለፕላኑ የሚዘጋጀውን ማኅበራዊ ጥናት ሲያነቡ «እዚህ የሚኖሩት አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያን ተጠይቀዋል ወይ?» የሚሉ። ሕግ፣ አርክቴክቸርና ጂኦግራፊ የምትማሩም እንዲሁ። አንዳችን ካርታ እናነባለን፣ አንዳችን ሕግ፣ አንዳችን ሰው።

በማኅበራችን የጥናት ክበብ ለመወያየት እነዚህን ጥያቄዎች ውሰዱ፦

ሀ. የወላጆቻችሁ ከተማ የአካባቢ ኮሚቴ ራሱን የቻለ ነው ወይስ አይደለም? ይህስ ምን ይለውጣል?

ለ. በሰፈራችሁ አሁን በዝግጅት ወይም በእይታ ላይ ያለ ፕላን አለ? ቁጥሩ ስንት ነው? የተቃውሞው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው?

ሐ. በካርታው ላይ የማይታይ፣ ለማኅበረሰቡ ግን የከበረ ቦታ የትኛው ነው? የት ቦታ እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠቀምበት በሁለት መስመር ጻፉት።

መ. ሚኒስትሩ ከአካባቢው ኮሚቴ በላይ ቢወስን ሰፈራችሁ የሚጠቀምበትና የሚጎዳበት አንድ አንድ ምሳሌ ስጡ።

በሚቀጥለው ሻባት ቤት ስትገቡ በአጥሩ ላይ የተለጠፈ ነገር ካለ ቆም ብላችሁ አንብቡት። ከሁሉ በፊት የመጨረሻውን ቀን ፈልጉ። ከዚያ ለእናታችሁ በአማርኛ ንገሯት፤ ለጎረቤቷም እሷ ትነግራለች።